ጃርቷን ነጻ ያወጣሁ ቀን

ከዳንግላ ተነስተን እንጅባራ የገባን ዕለት ከአይሱዙው ቀድሜ ዘልዬ የወረድኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ፍራሹን ሲያወርድ፣ እናቴ ሆዷን ደግፋ ከጋቢናው ስትወርድ፣ እኔ ቤቱን ዞር ብዬም ሳላየው ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ዳንግላ አንድ ክፍል ነበር የተከራየነው። ከደጃችን ወጥተን የምንረግጠው የሰው ግቢ ነው፤ «እዚያ አትቁሚ፣ ያንን አትንኪ» ስባል ነበር የምውለው። እዚህ ግን ጓሮው ከቤቱ ይበልጣል። የድንች መደብ አለው፤ ከመደቡ ወዲያ ቀርከሃ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ከቀርከሃው ኋላ አጥሩ፣ ከአጥሩ ኋላ ደግሞ ትንሽ ወንዝ ይወርዳል።

ጋጋኖ የሚባለው ወፍ እርጥቡ ሣር ላይ እንደ ሽማግሌ እየተጎማለለ ትል ይለቅማል። እስስት አጥሩ ላይ ተለጥፋ ዓይኗን ታዞራለች። ማታ ማታ እንቁራሪቱ ሲጮህ ሰው የሚያወራ አይሰማም። እኔ በደስታ የማደርገውን አጥቼ አባቴን እጁን እየጎተትኩ፣

«ይሄ ሁሉ የእኛ ነው?» አልኩት።

«የእኛ ነው።»

«ወፎቹም?»

«ወፎቹም። ካላመንሽ እስኪ ጥሪያቸው» አለኝና ሳቀ።

አባቴ ዓለምነው ግንበኛ ነበር። ለሰው ቤት መሠረት ሲያወጣ ኖሮ በሠላሳ አራት ዓመቱ የራሱ የሚለው ቤት ያገኘው ያኔ ነው። የጭቃ ቤት ነው፤ እሱ ግን ገና ሲገባ አፍርሶ በድንጋይ መሠረት ሊሠራው ወስኗል። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ድንጋይ ሳይዝ አይገባም። ከሥራ ቦታም፣ ከመንገድ ዳርም፣ ካገኘበት እያነሳ በፊት ለፊት በኩል ይከምራል። እናቴ ስሜነሽ በር ላይ ቆማ ታየውና፣

«የሰው ባል ዳቦ ይዞ ይገባል፤ የእኔው ድንጋይ!» ትለዋለች።

«ቆይ፣ ሳሎንሽ ውስጥ ስትንፈላሰሺ እንነጋገራለን» ይላታል። በዚያን ጊዜ ይዋደዱ ነበር። ይህን የምለው በኋላ ያደግሁበትን ቤት ያየ ሰው ስለማያምነኝ ነው።

ጃርቷን ያመጣችብኝ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅአየሁ ናት። አንድ ጠዋት እናቴ ድንች ልታወጣ ስትሄድ መደቡ ተምሶ፣ ድንቹ ግማሽ ግማሹ ተበልቶ አገኘችው። እትዬ ወርቅአየሁ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

«ጃርት ናት! የእኔንም ጨርሳዋለች፣ ይቺ ሌባ!» አለች። ከዚያ ከመሬት ጥቁርና ነጭ የሆነ ረጅም እሾህ አንስታ በአጥሩ ቀዳዳ ሰጠችኝ። «ያዢ፣ ጸጉሯ ነው።»

እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። «እትዬ፣ የት ነው የምትኖረው?» አልኳት።

«ጉድጓድ አላት። ይሄን ጊዜ ወልዳ ይሆናል። ልጆቿ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቃቅፈው እናታቸውን ይጠብቃሉ።»

ማታ አባቴ መደቡን አይቶ ተናደደ። «ጉድጓዷን ላግኘው ብቻ! በድንጋይ ነው የምደፍንባት» አለ።

«ልጆቿስ?» አልኩት።

«ልጆቿስ ድንች አይበሉም እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እሾሁን ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩትና ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ጎትቼ፣ በድንጋይ የተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ መሆን ምን ምን እንደሚል ለማወቅ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ተኛሁ።

በኅዳር ወንድሜ ተወለደ። እናቴ መሳፍንት አለችው፤ የክርስትና ስም ገና ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አልወደድኩትም። ከመጣ ጀምሮ የሚነሳው እሱ፣ የሚታቀፈው እሱ፣ «ቀስ በይ፣ ዝም በይ» የምባለው እኔ ሆንኩ። ሲያስልም የሚያስመስል መስሎኝ ነበር። ሳሉ እየበረታ ሄደና አንድ ጠዋት ጎሕ ሳይቀድ አባቴ ቀስቅሶ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሞኝ እትዬ ወርቅአየሁ ቤት ወስዶ ጣለኝ። «ዛሬ እዚህ ዋይ፤ ትምህርት ቤት የለም» አለኝ። ፊቱን አላየሁትም።

እትዬ ወርቅአየሁ ቅቅል ድንች ልጣ በአዋዜ ሰጠችኝ። ባሏ ገባ፤ በአገውኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። አገውኛ አልሰማም። ነገር ግን ባልየው ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ፣ እሷ ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ አየሁ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ጭሱ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ምድጃው ግን አልተያያዘም ነበር።

ማታ ስመለስ ሕፃኑ የለም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አባቴ ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

«ማሙሽ የት ሄደ?»

«አክስትሽ ፋና አገሯ አዘና ወሰደችው። ጠበል ይጠመቃል» አለኝ አባቴ።

«መቼ ይመጣል?»

ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። እኔም ብዙ አልጠየቅሁም፤ እሰይ፣ ተገላገልኩ ነው ያልኩት በሆዴ። በዚያ ቤት ውስጥ ለቅሶ ቢሰማ፣ ድንኳን ቢተከል፣ ሰው ደረቱን ሲመታ ባይ ሕፃንም ብሆን ይገባኝ ነበር። ግን ምንም የለም። ሁለት ሦስት ሴቶች መጥተው እናቴ አጠገብ ቁጭ ይሉና «አይዞሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ብለው ይሄዳሉ። ሌላ ምን እንደሚሰጣት አላወቅሁም።

ያኔ የማላውቀውን አሁን ልናገር። በእኛ ዘንድ ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ መሳፍንት ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ፍትሐት የለ፣ ሰልስት የለ። አባት ጓሮ ወጥቶ ይቆፍራል፣ እናት ከአልጋዋ ሆና የዶማውን ድምፅ ትሰማለች፤ አለቀ። አባቴ ወንድሜን የቀበረው ቀርከሃው ሥር ነው።

በማግስቱ ቀርከሃው ሥር ስደርስ ግን እኔ ያየሁት አዲስ የተቆፈረ አፈርና በላዩ የተከመረ ድንጋይ ነው። አገኘው! አባቴ የጃርቷን ጉድጓድ አገኘውና እንደዛተው ደፈነው። ጫማው ላይ ያየሁት ጭቃም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጆሮዬን አፈሩ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። እናትየው ከነልጆቿ አንድ ላይ ታፍናለች ብዬ አለቀስኩ። ወንድሜ ተኝቶበት ለጃርት አለቀስኩ።

የጃርቷን ጉድጓድ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። የት እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ ሁለት፣ ሦስት ድንጋይ ማንሳት ጀመርኩ። ከዚያ በላይ አልችልም፤ ይከብደኛል፤ ደግሞም ይታወቅብኛል። ያነሳሁትን ድንጋይ የት ላድርገው? የድንጋይ ቦታ አንድ ነው፤ የአባቴ ክምር ላይ። በቤቱ ጎን በኩል አቅፌ እየወሰድኩ እዚያ አስቀምጠዋለሁ። እጄን ታጥቤ እገባለሁ። አባቴ በዚያ ሰሞን ከመሸ ይገባል፣ እናቴ በፊት ለፊት በኩል አትወጣም፤ ክምሩን ልብ ያለው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ድንጋዩ ተመልሶ ሞልቷል። አባቴ ነው ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን ሽንት ቤት ልሄድ ስወጣ ግን እናቴን አየኋት። አራስ ናት፤ ከቤት መውጣት የለባትም። ነጠላዋን እንደ ስልቻ አድርጋ ከወንዙ ጥቋቁር፣ ክብ ክብ ድንጋይ ተሸክማ እየተንገዳገደች መጥታ አፈሩ ላይ አንድ በአንድ ትደረድራለች። በእንጅባራ ዳርቻ ጅብ ሲጮህ ሌሊቱን እንሰማ ነበር። እሷ ጅብ እንዳያወጣው ብላ ነበር የምትደረድረው። እኔ ግን፣ ይቺ ሴት ለአንድ መደብ ድንች ብላ እንዲህ ጨከነች? አልኩ። ጠላኋት።

እትዬ ወርቅአየሁ ደርሳ ጮኸችባት፤ «አንቺ ሴት፣ አብደሻል? አራስ ሴት ድንጋይ ትሸከማለች? ብርድ ይግባብሽ?»

«ሰው እያነሳብኝ ነው፣ ወርቅዬ። አስተካክዬ ሄጄ ስመለስ ይጎድላል።»

«ውሻ ይሆናላ።»

«ውሻ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል?»

ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ፈራሁ፤ ግን አልተውኩም። እልህ ገባኝ። እሷ ትሞላለች፣ እኔ አጎድላለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል እናትና ልጅ ሳንተያይ በአንድ መቃብር ላይ ታገልን።

ከዚያ እትዬ ወርቅአየሁ እንደፈራችው ሆነ፤ እናቴን ትኩሳት ጣላት። ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳችም። ጓሮው ለእኔ ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻዋን ድንጋይ ከክምሩ ላይ አስቀምጬ ስመለስ አፈሩ ራቁቱን ነበር። በጣቴ ጫር ጫር አድርጌ ትንሽ ቀዳዳም አበጀሁ። «በይ፣ ውጪ» አልኳት ጃርቷን። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ራቴን በልቼ ተኛሁ።

የእናቴ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ። ነግቷል። ሮጬ ስወጣ ቀርከሃው ሥር በጉልበቷ ተንበርክካለች። አፈሩ ወዲያና ወዲህ ተበትኗል፤ ጉድጓዱ ባዶ ነው፤ አጥሩ ተገንጥሏል፤ ቀርከሃው ላይ የነጭ ጨርቅ ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

«ልጄን! ልጄን!» ትላለች።

የጠራችኝ መስሎኝ «አቤት፣ እማ» አልኩ። ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብዬ አየሁ። ባዶ! ወጥታለች! ልጆቿንም ይዛ ሄዳለች! «እማ፣ ወጣች እኮ! እሰይ!» ብዬ አጨበጨብኩ።

አጨብጭቤያለሁ። ይህን ከነገርኳችሁ የቀረው ቀላል ነው።

እናቴ አልሰማችኝም። ድንገት ተነስታ በቤቱ ጎን በኩል ወደ ፊት ለፊት ሄደች፤ ምናልባት አባቴን ልትጠራ ነበር። ክምሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አባቴ የሚያመጣው ድንጋይ ማዕዘን ያለውና ግራጫ ነው። ከላዩ ግን የእሷ ጥቋቁር፣ ክብ ክብ የወንዝ ድንጋይ ተደርድሯል። አንዱን አነሳችና በሁለት እጇ ያዘችው። አባቴ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሮጦ ወጣ።

«አንተ ነህ» አለችው። ድምፅዋ ጸጥ ብሏል። «ለመሠረትህ። ከልጅህ ላይ አንስተህ።»

«ምን አልሽ?»

«ለሰው ሁሉ መሠረት ትቆፍራለህ፤ ለልጅህ ክንድ ጥልቀት አቃተህ። ያንን በድንጋይ ብሸፍንልህ ደግሞ ድንጋዩን ለቤትህ ፈለግኸው!»

«በሚካኤል! ስሜነሽ፣ በሚካኤል አልነካሁም! የወንዝ ድንጋይ ለመሠረት ይሆናል እንዴ? ምን ነክቶሽ ነው?»

«ታዲያ ማነው? እግር አውጥቶ መጣ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። የበሩ መቃን ላይ ተለጥፌ ነበር። ቁጭ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝና፣ «ፀደይ፣ የእኔ ልጅ፣ ከጓሮ ድንጋይ ያነሳ ሰው አይተሻል?» አለኝ።

ስለ ድንጋዩ እንደሚጣሉ ገብቶኛል። ጃርቷን ያስመለጥኳት እኔ ነኝ ብል እንደምገረፍ ገብቶኛል። ሌላው አልገባኝም።

«አላየሁም» አልኩት።

እትዬ ወርቅአየሁ መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ቀን አባቴ ጉድጓዱን ሞልቶ፣ በላዩ ድንጋይና ሲሚንቶ እንደገነባበት ኋላ አየሁ፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ። እናቴ ግንቡን ዞር ብላም አላየችው። ከዚያች ጠዋት በኋላ ለአባቴ ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ዓይኑን ግን አታየውም። አዲሱ ቤት አልተሠራም። ክምሩ ሣር በቀለበት።

እውነቱን ያወቅሁት ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። አባቴ ዕቃውን በሁለት ማዳበሪያ ሸክፎ ወደ ዳንግላ ሊሄድ በቆመበት ሰዓት እናቴ በር ላይ ሆና፣ «ሂድ! ልጁን ጓሮ ቀብሮ ድንጋዩን ለጅብ ከፍቶ የሰጠ ሰው ከእኔ ጋር አያድርም!» አለችው። ልጅ። ጓሮ። ድንጋይ። አዘና የሄደ ሕፃን ለሁለት ዓመት ለምን እንዳልተመለሰ ያኔ ተገለጸልኝ። አንድ ቃል ብናገር አባቴ ማዳበሪያዎቹን መልሶ ያስገባ ነበር። አልተናገርኩም። ጋሪ ጠርቶ ወደ መናኸሪያ ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

በየክረምቱ በሚኒባስ ዳንግላ እሄድ ነበር። አባቴ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እንደገና የሰው ግቢ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እናትሽ ደህና ናት?» ብሎ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ክረምት ልነግረው ቆርጬ ሄድኩ። ከመናኸሪያ በጋሪ ወደ ቤቱ ስንሄድ ገና «አባባ፣ ያ ድንጋይ...» እንዳልኩ እጁን ከፍ አድርጎ አስቆመኝ። መዳፉ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል።

«ብዙ አስቤበታለሁ» አለኝ። «እናትሽ ዝም ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም። እኔ ሳላውቅ አንስቼው ይሆናል። የግንበኛ እጅ ነዋ፤ ድንጋይ ሲያይ አያስችለውም። ሥራ ውዬ ደክሞኝ ስመጣ፣ ልቤ ሌላ ቦታ እያለ... እኔ ነኝ ማለት ነው እንጂ ማን ይሆናል?»

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላደረገውን ነገር ሲፈልግ ከርሞ በመጨረሻ ራሱ ላይ አገኘው። ሰው እንዴት ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? እኔ ዝም አልኩ። ፈረሱ ሲረግጥ እየሰማሁ፣ «ተወው አባባ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩት። እሱ ደግሞ አዋቂ መስዬው ራሴን ዳበሰኝ።

አምና በሚያዝያ ሞተ። ሳንባው ነው፤ የሲሚንቶ አቧራ ነው አሉን። እናቴ አልቀበረችውም። መንገድ ተዘግቷል ብላ ለሰው ተናገረች። መንገዱ በዚያ ሳምንት ተከፍቶ ነበር፤ እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የሄድኩት።

ለእናቴ የነገርኳት ዘንድሮ በጥር ነው፤ እሁድ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ከእኔ ጋር ብቻዋን ስትሆን ስለ አባቴ ክፉ መናገር ልማዷ ነው፤ ያን ዕለትም «ድንጋይ ልብ» አለችው፤ ከሞተም በኋላ አልማረችውም። አላስችል አለኝ። ጃርቷን፣ እሾሁን፣ ክምሩን፣ ጭብጨባዬን ሳይቀር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ጋሪው ላይ ያለኝንም ነገርኳት።

ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ጭኗ ላይ አጠፈችው፤ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው።

«ሰባት ዓመትሽ ነበር» አለች።

«አዎ፣ እማ።»

«ሕፃን ነበርሽ። ጃርት መስሎሻል።»

«መስሎኝ ነው፣ እማ።» እንባዬ ወረደ። እጇን ልይዝ ተጠጋሁ።

«የሰባት ዓመት ልጅ ምን ይደረጋል? እሷን ይቅር ብያታለሁ» አለችኝ፤ እጇን ግን ከእጄ ቀስ ብላ አወጣች። «ሰባት ዓመት ሆነሽ አልቀረሽም እኮ፣ ፀደይ። ዘጠኝ ሆንሽ። አሥራ ስምንት ሆንሽ። ይኸው ሃያ ስምንት። በየዓመቱ እየሄድሽ ፊቱን ታዪ ነበር። እኔን ስትሰሚኝ ቁጭ ብለሽ ትሰሚ ነበር። በደለኛ አደረግሽኝ።»

«ይቅር በዪኝ፣ እማ።»

«እኔን ምን ትለምኚኛለሽ? አንቺም እኔም የምንለምነው አንድ ሰው ነበር» አለችና ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። «አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ። እኔ ላለቅስ ነው።»